ጨው ነጋዴው ሞተ፣ አንድም ኖረ

መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። ይህን ስናገር የዛሬ ወጣቶች ፈገግ ይላሉ። ቤት ሲከራይ፣ መኪና ሲከራይ፣ የሰርግ ቀሚስ ሲከራይ አይተዋል፤ መጽሐፍ ሲከራይ ግን ያዩ አይመስሉም። በእኛ ጊዜ ጎንደር ላይ ልብ ወለድ ገዝቶ የሚያነብ ጥቂት ነበር፤ ተከራይቶ የሚያነብ ግን ሞልቷል። ፒያሳ ካለው የአባቴ የጨርቅ ሱቅ አንዱን ጥግ ለምኜ፣ ከአቡጀዲና ከከፋይ ጥቅሎች አጠገብ መደርደሪያ አቆምኩ። አባቴ ጨርቅ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያነብ ይውላል ብሎ ፈርቶ ነበር። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሊያነብ የመጣው ሰው ጨርቅ እየገዛ ይሄድ ጀመር። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ ሥነ ጽሑፍ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ባጃጅ ለከተማው ገና አዲስ በነበረበት፣ ሚሌኒየሙም በተቃረበበት ጊዜ፣ አዘዞ የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ኪስ ውስጥ የሚገቡ ስስ መጻሕፍት በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። ታሪኩ የሚሆነው ጭጋግ በማይለቀው ምናባዊ አገር ነው። አንዲት ልጅ ጭጋጉ የወሰደባትን ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ በእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ በር ታልፋለች። በየምዕራፉ ሥዕል አለ። ሥዕሉን የሚሥለው የፒያሳ ሱቆችን ሰሌዳ ሁሉ የጻፈው ሰው ስለነበር፣ የጭጋጉ አገር ንግሥት ከሴቶች ፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ካለችው ሴት ጋር መንታ ትመስል ነበር። አንባቢ ይህን ሁሉ ይቅር ብሎታል። አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ደንበኞቼ ተራ እየያዙ ይጠብቁኝ ነበር። አንብቦ የማይመልስ ሲገኝም እኔው ራሴ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። መጽሐፍ ደብቆ ከእኔ ያመለጠ ሰው ጎንደር ውስጥ የለም።

በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጨው ነጋዴ አለ። ልጅቱ ደክሟት መንገድ ዳር ስትቀመጥ በቅሎዎቹን አስቁሞ ስንቁን ያካፍላታል። ጭጋጉ ሲመጣ ደግሞ መንገድ የምታውቀዋን መሪ በቅሎ ለእሷ ይሰጥና እሱ ከኋላ ይቀራል። «ስትመለሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ» ይላታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ ወጣ፣ ነጋዴው የለም። አራተኛው ወጣ፣ በቅሎዋ አለች፣ ነጋዴው የለም።

የእኔ ቤተሰብ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነጋዴ ነው። አያቶቼ ጭነው መተማ ይወርዱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው፤ አጎቴም ያንኑ መንገድ በመኪና ይመላለስበታል። ወደ ንግድ ወጥቶ የዘገየን ሰው ቤተሰቡ እንዴት እንደሚጠብቀው ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል፣ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ሁሉም ያቀረቅራል። ስለዚህ አንድ ደራሲ ነጋዴን ከነጭነቱ ጭጋግ ውስጥ ጥሎ፣ ዞር ብሎም ሳያይ ሲሄድ አንገበገበኝ። ለደንበኞቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ሳቁ። ከዛሪማ እየመጣ ጨርቅ የሚገዛን አንድ ገበሬ ግን አልሳቀም። ፊደል አልቆጠረም፤ ጎንደር የምትማር ልጁ ከእኔ እየተከራየች ታነብለት ነበር። ነጋዴውን እንደ ታላቅ ጎረቤቱ አያ ብሎ ነበር የሚጠራው።

«አያ ነጋዴ ሸጋ ሰው ነበር» አለኝ አንድ ቀን፣ «ምነው ደራሲው ጣለው?»

መልስ ሲጠፋኝ አልወድም። ያን ሰሞን ደንበኛ ጋብ ባለ ቁጥር ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ መጻፍ ጀመርኩ።

የጻፍኩት የነጋዴውን የጎን ታሪክ ነው። ጭጋጉ ውስጥ የቀረው ነጋዴ እየዳሰሰ ሲሄድ ጭጋጉ ከዚያ በፊት የዋጣቸውን ሰዎች ያገኛል። ሁሉም ተስፋ ቆርጠው በያሉበት ተቀምጠዋል። ነጋዴ ሰው ካገኘ ደግሞ ምን ያደርጋል? ገበያ ያቆማል። በዚያ ገበያ ማንም ማንንም አያይም። ሻጭ በድምፁ ይታወቃል፤ ጨው በምላስ ይፈተናል፤ ጨርቅ በጣት ይታሻል፤ ፊት ስለማይታይ ውሸታም በትንፋሹ ይያዛል። ቀስ በቀስ ሰዎቹ ጭጋጉን መፍራት ይተዋሉ። ስጨርሰው እውነቱን ልናገርና ራሴን ወደድኩት። ከዚያ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያንን አገር የፈጠረው ሰው በገዛ አፉ፣ ይህ ታሪክ በእኔ አገር ውስጥ ሆኗል እንዲለኝ ፈለግሁ። ገንዘቡንም ስሙንም አላሰብኩም። ነጋዴዬ ቤት እንዲያገኝ ነበር ምኞቴ።

ሚኒባስ ይዤ አዘዞ ወረድኩ። ደራሲው ከክፍል ሲወጣ ጠብቄ ሰጠሁት፤ በሳምንቱ ተመልሼ ስመጣ አንብቦታል። ከእኔ በዕድሜ ብዙ አይበልጥም፤ ጠመኔ የነካው ኮት ለብሶ፣ ትሁት መስሎ የሚናገር ሰው ነበር። አጻጻፌን አመሰገነልኝ። ቀጠለና አገሩ የእሱ እንደሆነ፣ እኔም የራሴን አገር ብፈጥር እንደሚሻል ነገረኝ።

«ነጋዴውን ግን ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«የትኛውን ነጋዴ?» አለኝ።

ረስቶታል! ቢከለክለኝ እችለው ነበር። ቢነቅፈኝም እችለው ነበር። መርሳቱ ግን እስከ ፒያሳ ድረስ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ብቻዬን እንድናገር አደረገኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደህና መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ሱቃችን በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአባቴ የተገዛውን ጨርቅ እዚያው የሚሰፋ፣ ነገረኛና ሳቂታ ሰው። ጽሑፌን በታይፕ አስጻፍኩ፤ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁና ለእሱ ሰጠሁት። ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጥፎ እንደ ሱሪ ጠርዝ በመኪናው ሰፋልኝ። መጠኑ ልክ እንደ ደራሲው መጻሕፍት ኪስ የሚገባ ሆነ። ሽፋኑ ላይ «የጨው ነጋዴው የጎን ታሪክ፣ በአንዲት አንባቢ» ብዬ ጻፍኩና በአራተኛው መጽሐፍ አጠገብ ደረደርኩት። ሰው ያልፈቀደልኝን ታሪክ ማከራየቴ ያኔም አልቆጨኝም፣ አሁንም አይቆጨኝም። ነጋዴው እንደሆነ ተረስቷል፤ የተረሳን ዕቃ ያነሣ ሰው ሌባ አይባልም።

በአጭር ጊዜ ውስጥ ልብስ ሰፊው ከሱሪ ይልቅ ነጋዴ ሲሰፋ ይውል ጀመር። አንባቢዎቼ የጎን ታሪኩን እንደ አራተኛ ተኩል አድርገው ያዙት። ገበያው ውስጥ ስላለው ስለዚህኛው ወይም ስለዚያኛው ሻጭ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የአባቴን ጨርቅ በጣታቸው ያሻሉ። አባቴም ጨርቁ በጨለማ የሚታወቅ ጥሩ ጨርቅ እንደሆነ ለሰው ሁሉ መናገር ጀመረ።

ወሬው አዘዞ ደረሰ። አምስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ እንደ ልማዴ መጀመሪያ እኔ ራሴ አነበብኩት። በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ፣ እንዲህ የሚል አንድ መስመር አለ፤ «ጨው ነጋዴውም በዚያው ሌሊት ጭጋጉ ውስጥ ሞተ።» ከላዩ ስለ ወንዝ ነው የሚያወራው፤ ከታቹም ስለ ወንዝ። መሐል ላይ ገብታ የተቀመጠችው መስመር ለእኔ የተላከች እንደሆነች ማንም አልነገረኝም፣ ማንም መንገርም አላስፈለገውም።

ደሜ ፈላ። የማደርገውን ስላጣሁ ከሱቁ ሁለት መዝጊያ አንዱን ጎትቼ ዘጋሁና ውስጥ ገብቼ ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ በእኛ ሰፈር ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ግማሹ ከተዘጋ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባለሱቁ ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። እኔ ግን ብስጭቴን እንጂ ትርጉሙን አላሰብኩም። ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ መስመሯን ካነበበ በኋላ ጋቢውን አምጥቶ ተከናነበና በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሊያሾፍብኝ ነው። ተራ ይዘው የነበሩ ደንበኞችም ነገሩን ሲሰሙ አንድ በአንድ እየመጡ አጠገቡ ተቀመጡ፤ አቀረቀሩ። አንዷ ወደ ውስጥ ብቅ ብላ «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ። መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ፤ ለካ የእውነት አዝኛለሁ።

በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያየው የተዘጋውን መዝጊያ፣ የተከናነቡትን ሰዎችና የእኔን ቀይ ዓይን ነው። ከሱቁ ደግሞ አባቴ ጠዋት ወጥቷል፤ አጎቴ ከሁለት ቀን በፊት ወደ መተማ ወርዷል። ጎንደሬ ሂሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልወሰደበትም። እኔ ፒያሳ ተቀምጬ በደራሲው ላይ ስዝት፣ አዲስ ዓለም ያለው ቤታችን አጎቴን ለማልቀስ በመጣ ሰው ተሞላ። አባቴ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እየሮጠ ቤት ገባ። እናቴ ማን እንደነገራት የማታውቀውን ሞት እያለቀሰች ነበር። የሰፈር ሴቶች ምግብ ተሸክመው መጡ፤ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አነጠፉ።

የአጎቴ ለቅሶ ወሬ ተመልሶ ፒያሳ ሲደርስ፣ ልብስ ሰፊው ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ገባውና ጋቢውን ጥሎ አብሮኝ ወደ ቤት ሮጠ። ስንደርስ ከእኛ ጥቂት ቀድሞ አንድ ሌላ ሰው ደርሷል፤ ሟቹ አጎቴ። ከመተማ ሲመለስ ከአዘዞ በሚኒባስ መጥቶ፣ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ የገዛ ለቅሶው መሐል ቆሟል። ግቢው በእልልታና በለቅሶ መሐል በሆነ ድምፅ ተናወጠ። አጎቴ ነገሩን ሲረዳ አልተቆጣም። ጥሩ ያለቀሰውን ሰው አሳዩኝ አለ፤ ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውንም እንደዚሁ። ሁለቱንም እስኪሞት እንደማይረሳቸው ተናግሮ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ መሐል የግቢው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ካህን ታዩ። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከተማው ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው ናቸው። ከአያቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ስለነበራቸው የአጎቴን ሞት ሲሰሙ በዚያ ደካማ ዓይናቸው ለማጽናናት ተነሥተው መጥተዋል። ክንዳቸውን ይዞ የሚመራቸው ልጃቸው ነበር። ልጃቸው ማን ነው? ጠመኔ የነካው ኮት የለበሰው፣ የጭጋጉ አገር ደራሲ። ገዳዩ ሊያለቅስ መጣ።

የኔታ አጎቴን ሲዳስሱት ሥጋና አጥንት ሆኖ ስላገኙት ፈጣሪያቸውን አመሰገኑና ታዲያ የሞተው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ እኔ ደግሞ ወደ ደራሲው አየሁ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን እፈራለሁ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ልጅቱ፣ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ገበያዬና ስለዚያች ከወንዝ መሐል ስለገባች መስመር አንዱንም አላስቀረሁም። ለቀስተኛውም የሚሄድበት ስላልነበረው ተቀምጦ አዳመጠ። የመጣው ምግብ ቀረበ። ደራሲው አገጩን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ነበር።

የኔታ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። በትርጓሜ ቤት ተማሪ አዲስ ነገር ሲያመጣ እንደሚጠየቀው ነበር የጠየቁኝ፤ ነጋዴው መኖሩን ከየት አገኘሁት? ከሁለተኛው መጽሐፍ ነው አልኩ። ስትመለሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ መጽሐፉ ከዚያ ቃል አላወጣውም፣ ልጅቱም ገና አልተመለሰችም። የኔታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ መሞቱን ከየት አገኘኸው?»

«አባቴ፣ ጸሐፊው እኮ እኔ ነኝ» አለ ደራሲው።

«እስክትጽፈው ያንተ ነበር» አሉት። «ከጻፍኸው ወዲያ ንባብ ነው። አንተም እንደ እሷ ከንባቡ አምጣ።»

ደራሲው ቀና ብሎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ፈተና የቀረበለት ጎበዝ ተማሪ መስሎ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ጭጋጉ ውስጥ ያደረ ሰው አይነጋለትም የሚል ቃል እንዳለ ተናገረ። ልክ ነበር፤ ቃሉ እዚያ አለ። እኔው ራሴ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የኔታ ሳቅ አሉና ሁለታችሁም ከንባቡ ናችሁ አሉ። በእሳቸው ቤት አንዱ ፍቺ ሌላውን አይገድለውም፤ መምህሩ አንዱን ይናገራል፣ ከዚያ አንድም ብሎ ሁለተኛውን ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ እየተያዩ ለዘላለም ይኖራሉ።

«ነጋዴው ሞተ» አሉ፣ «አንድም ኖረ። ሂዱና ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ጻፏቸው።»

ያን ቀን የጀመርነው ሥራ ብዙ ወራት ፈጀ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደራሲው፣ ልብስ ሰፊውና እኔ የኔታ ግቢ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር እንቀመጣለን። ደራሲው ከመጻሕፍቱ አንድ መስመር ያነባል፤ እሱ የራሱን ይናገራል፣ እኔ አንድም እላለሁ። ስንጣላ የኔታ ከንባቡ አምጡ ይሉናል። እኔ ብዙ ጊዜ አመጣለሁ፤ የራሱን መጻሕፍት ከእሱ ይልቅ እኔ ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁና። በዚህ ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቅም። አንዴ የሦስተኛው በር ጠባቂ ማየት የተሳነው መሆኑን ደራሲው ራሱ ረስቶ ደብዳቤ ሲያስነብበው ስይዘው፣ የኔታ በሳቅ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ደንበኞቼም ዝም አላሉም። ወሬው እንደተሰማ በየቀኑ ጣታቸውን ገጽ መሐል ሰክተው እየመጡ፣ ከዚህ ተነሥቼ እንዲህ ብል ያስኬዳል ወይ ይሉኝ ጀመር። ከንባቡ ያላመጣውን እመልሳለሁ፤ ያመጣውን እቀበላለሁ። ልብስ ሰፊው ስለ ንግሥቲቱ ካባ አንድ ፍቺ ብቻ አቀረበ፤ ከሁላችንም የሚያምረው የእሱ ሆነ። ሰሌዳ ጻፊው ደግሞ የጭጋጉን አገር ካርታ ሣለልን። ካርታው ላይ ያለው ዋና መንገድ ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደውን ቁርጥ ይመስላል፤ አላረምነውም።

የሁላችን ፍቺ የተሰበሰበበት አጃቢ መጽሐፍ ሲታተም ከመካከሉ የደራሲው ቃል በወፍራም ፊደል፣ በዙሪያው እኛ ያመጣናቸው የጎን ታሪኮች በቀጭን ፊደል ሆነው ወጡ። ገበያዬ ሙሉውን፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል ገባ። የመረቅነው ፒያሳ ካለ አዳራሽ ነው። ይበቃል ብለን የደረደርነው ወንበር አልበቃም፤ ሰው በመስኮት ቆመ። አባቴ መድረኩን በከፋይ አስጌጠው። አጎቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ይህ መጽሐፍ እንዲወለድ የሞትኩት እኔ ነኝ እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል። የኔታ ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እኔ ከመድረክ ላይ ሆኜ ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ የተሰማኝ ደስታ ብቻ ነበር። ያመጣነው መጽሐፍ ሳይመሽ አለቀ።

ያ የዛሪማ ሰውም ከልጁ ጋር በአውቶቡስ መጥቶ ነበር። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ በትሩን ተደግፎ ተነሣና ደራሲውን በቀጥታ ጠየቀው። «መጽሐፉን ልጄ አንብባልኛለች፤ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። አንተ ራስህ ግን፣ አያ ነጋዴ ኖረ ነው የምትለው ሞተ?»

ይህ ጥያቄ የስንት ጊዜ ምኞቴ ነው። ደራሲው ወደ እኔ አየ፣ ወደ አባቱ አየና መጽሐፉ ሁለቱንም ይላል ብሎ መለሰ። ጭብጨባው ደመቀ፤ መልሱም ትክክል ነበር። ግን እኔ የጠበቅሁት እሱን አልነበረም። አባቱ ስላዘዙት ታሪኬን ከታሪኩ ጎን አስቀመጠ፤ ጎኑ ላይ መቀመጥና ቤት ውስጥ መግባት ግን አንድ አይደለም። በዚያ ሁሉ ድል መሐል ይቺ አንዲት ነገር እንደ እሾህ ቀርታብኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደስታ ላይ ቅሬታ የሚያነሣ ሰው እኔም አልወድም።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ከተከበረ በኋላ ደራሲው ሱቅ መጣ። የተጠቀለለ ወረቀት ከብብቱ አውጥቶ ከአባቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወደ በረንዳው ወጣ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የመጨረሻ እርማት የሚጠብቅ የስድስተኛው መጽሐፍ ረቂቅ ነበር። ማንበብ ጀመርኩ። ልጅቱ ስድስተኛውን በር አልፋ ጭጋጉ ውስጥ ትገባለች። ምንም አይታያትም። እየዳሰሰች ስትሄድ ድምፅ ትሰማለች፤ አንዱ በርበሬ ይላል፣ ሌላዋ ማር ትላለች፣ ከወዲያ ጨርቅ የሚለካ ሰው ይጣራል። የእኔ ገበያ ነው! በወፍራም ፊደል፣ በዋናው ታሪክ ውስጥ፣ የእኔ ገበያ። ከዚያ አንድ እጅ ቁራጭ ጨው ምላሷ ላይ ያኖርላታል። ልጅቱ በጣዕሙ አወቀችው፤ ሞተሃል ብለውኝ ነበር ትለዋለች። «እኔም ሰምቻለሁ» ይላል ነጋዴው፣ «ግን ገበያ ስለነበረብኝ አልተመቸኝም።»

ሳቅኩ፤ ወረቀቱ ላይም አለቀስኩ። አባቴ ሜትሩን እንደያዘ ምን ሆንሽ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ደራሲው ከልብስ ሰፊው መኪና አጠገብ ቆሞ መንገዱን ያይ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ ኮቱ ኪስ ላይ የሰካትን እስክሪብቶ አወጣ።

«አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ከገበያው መግቢያ የጨው ተራ በየት በኩል ነው? እኔ በቀኝ ብያለሁ። ከተሳሳትኩ ሳይታተም ላርመው።»

«በግራ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀበለኝና እዚያው ቆሞ አረመው።